የጨጓራ ኪኒንና የሚኮማተር ጡንቻ



የዚህ ወር የጤና ዓምዳችን የሚያነሳው ጉዳይ በአንድ በኩል ጨጓራን፣ በሌላ በኩል ደግሞ የእጅና የእግር ጡንቻን ይመለከታል። «ሁለቱ ምን አገናኛቸው?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ እናውቃለን። ሐኪሞችም ቢሆኑ ግንኙነቱን በግልጽ መጻፍ የጀመሩት መድኃኒቱ ገበያ ላይ ከዋለ ከ15 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው።

ጨጓራ አለብኝ የሚል ሰው የሌለበት ቤት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። አንዱን ቃር ያቃጥለዋል፤ ሌላዋን ሆዷ ባዶ ሲሆን ያማታል፤ ሌላው በርበሬ የበዛበት ወጥ በበላ ቁጥር ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ያድራል። ረመዷን ሲቃረብ ደግሞ ነገሩ ይበረታል። ጾሙ እንዳያመልጠው የሚሰጋ ሁሉ ወደ ፋርማሲ ጎራ ብሎ ሁለት ሦስት ፓኬት ኦሜፕራዞል ይገዛል። በሱሑር ሰዓት አንድ ፍሬ ይውጣል፣ ቀኑን በሰላም ይውላል፣ አልሐምዱ ሊላህ ይላል። ዒድ ካለፈ በኋላም ይቀጥላል። ሸዋል ያልፋል፣ ዙልሒጃ ይገባል፤ በሚቀጥለው ረመዷን ስናገኘው ሰውየው አሁንም ከዚያው ካፕሱል ጋር ነው። ማን ጀምር እንዳለው ያስታውሳል፤ አቁም ያለው ሰው ግን የለም።

እኛ ልንነጋገርበት የፈለግነው ስለዚህኛው፣ «አቁም» የሚለው ስለሌለው ሰው ነው።

አስቀድመን መድኃኒቱን ለመውቀስ እንዳልተነሳን ይታወቅልን። ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት የጨጓራ ቁስል የጸናበት ሰው ብዙ ጊዜ ዕጣው ቀዶ ሕክምና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሜቲዲን የተባለው ኪኒን በእንግሊዝ ገበያ ላይ ሲውል ነገሩ መለወጥ ጀመረ። ይህን መድኃኒት ካስገኙት ሰዎች ዋነኛው ሰር ጀምስ ብላክ በ1988 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። በዚያው በ1988 ደግሞ በስዊድን የተሠራው ኦሜፕራዞል ለገበያ ቀረበ። ይህ ከቀድሞው የበረታ ነበር። በጨጓራ ግድግዳ ላይ አሲድ የሚያመነጩ ሴሎች አሉ፤ እነዚህ ሴሎች አሲዱን ወደ ውጭ የሚገፉት እንደ ፓምፕ በሚሠራ አካል ነው። ኦሜፕራዞል ፓምፑን ራሱን ይዘጋዋል። ላንሶፕራዞል፣ ፓንቶፕራዞል፣ ኢሶሜፕራዞል የሚባሉትም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው፤ የስማቸው መጨረሻ «ፕራዞል» ስለሆነ በቀላሉ ይለያሉ። የደማ ቁስል ያዳኑት፣ የጉሮሮ ቃጠሎ ያስታገሱት ሰው ቁጥር ስፍር የለውም።

ችግሩ ያለው በመጠኑና በጊዜው ላይ ነው።

ማግኒዚየም የሚባል ማዕድን በሰውነታችን ውስጥ አለ። በአዋቂ ሰው ሁሉ ተጠራቅሞ 25 ግራም ያህል ቢሆን ነው፤ ከግማሽ በላዩ በአጥንት ውስጥ የተከማቸ ሲሆን በደም ውስጥ የሚዘዋወረው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ይህች ጥቂት ነገር ግን ሥራዋ ብዙ ነው። ነርቭ ያለ ምክንያት እንዳይነሳሳ፣ ጡንቻ ከተኮማተረ በኋላ ተመልሶ እንዲፈታ፣ ልብም ምቱን እንዳያዛንፍ ታደርጋለች። ማግኒዚየምን የምናገኘው ከምግብ ነው፤ ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፍባቸው የራሱ በሮች አሉት። «ፕራዞል» የሚባሉት መድኃኒቶች ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ይህ መተላለፊያ ይዳከማል። አሠራሩ በዝርዝር እየተጠና ያለ ቢሆንም ኩላሊት ማግኒዚየሙን ይዞ ለማቆየት እየታገለ ሳለ እንኳ በደም ውስጥ ያለው መጠን እየወረደ እንደሚሄድ ታይቷል። ይህም ጉድለቱ የመጣው በአንጀት በኩል መሆኑን ያመለክታል።

እ.ኤ.አ. በ2006 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በተባለው የሕክምና መጽሔት አንድ አጭር ደብዳቤ ወጣ። ጸሐፊዎቹ የዚህ ዓይነት መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ሲወስዱ የቆዩ ሁለት በሽተኞችን ታሪክ አቀረቡ። የሁለቱም ማግኒዚየም እጅግ ወርዶ ነበር። የማግኒዚየሙ መውረድ ደግሞ በአንገት ላይ ያሉትን ፓራታይሮይድ የተባሉ አራት ጥቃቅን ዕጢዎች ሥራ አስፈትቷል። እነዚህ ዕጢዎች በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም የሚጠብቁ ናቸው፤ እነርሱ ሲዳከሙ ካልሲየሙም ይወርዳል። ማግኒዚየምና ካልሲየም አብረው ሲወርዱ ጡንቻ ከባለቤቱ ትእዛዝ ውጭ ይሆናል። ሐኪሞች ይህን ሁኔታ ቴታኒ ይሉታል። ስሙ ቢመሳሰልም በቁስል በኩል በሚገባ ጀርም ከሚመጣው መንጋጋ ቆልፍ ጋር አንድ አይደለም።

ከዚያ ደብዳቤ በኋላ ተመሳሳይ ታሪኮች ከተለያዩ አገሮች ይጻፉ ጀመር። በመጋቢት ወር 2011 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ይፋ ማስጠንቀቂያ አወጣ። በማስጠንቀቂያው መሠረት ጉድለቱ መድኃኒቱን ለሦስት ወር በወሰዱ ሰዎች ላይም ታይቷል፤ ይበልጡ ግን የደረሰው ከአንድ ዓመት በላይ በወሰዱት ላይ ነው። ከተመረመሩት ታሪኮች ውስጥ በአራተኛው እጅ ገደማ የማግኒዚየም ኪኒን መስጠቱ ብቻውን አልጠቀመም፤ የጨጓራውን መድኃኒት ማቆም አስፈልጓል። ካቆሙ በኋላ የማግኒዚየሙ መጠን ወደ ቦታው ለመመለስ በአማካይ አንድ ሳምንት ያህል ወሰደ። መድኃኒቱን እንደገና በጀመሩት ላይ ደግሞ ጉድለቱ በሁለት ሳምንት ገደማ ተመልሶ መጣ።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ በእኛ አስተያየት ከሁሉም የሚያሳምነው ነው። እርግጥ ብዙ ሰው አሰባስበው ያጠኑም አሉ። በ2015 የታተመ አንድ ጥናት ዘጠኝ ቀደምት ምርምሮችን፣ ከ100 ሺህ በላይ ሰዎችን አንድ ላይ አድርጎ ሲመለከት፣ መድኃኒቱን በሚወስዱት ላይ የማግኒዚየም ማነስ በ40 በመቶ ገደማ በዝቶ አግኝቶታል። ነገር ግን ይህን መድኃኒት ለዓመታት የሚወስድ ሰው ብዙ ጊዜ ሌላም በሽታ፣ ሌላም ኪኒን ያለው ሰው ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የየትኛው ነው ብሎ ተጠራጣሪ ቢከራከር መብቱ ነው። ሲቆም የሚጠፋ፣ ሲጀመር የሚመለስ ነገር ላይ ግን ብዙም ክርክር አይነሳም።

ችግሩ በእያንዳንዱ ሰው ላይ የሚደርስ አለመሆኑንም መናገር ይገባል። ኦሜፕራዞል የሚውጥ ሰው አብዛኛው እጁ አይኮማተርም። ለአጭር ጊዜ፣ በታዘዘው መሠረት ለሚወስድ ሰው ስጋቱ እጅግ ትንሽ ነው። በአሜሪካ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጠው ኦሜፕራዞል በማሸጊያው ላይ የሚታየው መመሪያ ለ14 ቀን፣ በዓመትም ከሦስት ጊዜ ላልበለጠ የሚል ነው። የእኛን የረመዷን እስከ ረመዷን ልማድ ከዚህ ጋር አስተያዩት።

ምልክቱ ምን ይመስላል?

መጀመሪያ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። የከንፈር ዙሪያና የጣት ጫፍ መደንዘዝ፣ የዓይን ሽፋሽፍት መርገብገብ፣ ሌሊት ባትን ጭብጥ አድርጎ የሚይዝ ሕመም፣ ድካም። ዓይን መርገብገቡ ላይ ሰው እንግዳ ሊመጣ ነው ብሎ ይስቃል፤ ባት መያዙንም ብርድ ነው ብሎ በቅባት ያሻል። ሲብስ የእጅ አንጓ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ጣቶች ቀጥ ብለው እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ አውራ ጣት ወደ መዳፍ ይገባል። ባለቤቱ ሊዘረጋው ቢሞክር እሺ አይለውም። ከዚህ ካለፈ የሚጥል በሽታ የሚመስል መንፈራገጥና የልብ ምት መዛባት ሊመጣ ይችላል፤ ይህ ሕይወት የሚያሳጣ ነው።

ሐኪሞች ይህን የተደበቀ መኮማተር የሚፈትኑበት ቀላል ዘዴ አላቸው። የደም ግፊት መለኪያውን ክንድ ላይ አስረው ለሦስት ደቂቃ ያህል ነፍተው ያቆዩታል። ጉድለት ካለ እጁ ዓይናቸው እያየ ያን ቅርጽ ይይዛል። ዘዴው የተጠራው በ19ኛው መቶ ዘመን በነበሩት ትሩሶ በተባሉ ፈረንሳዊ ሐኪም ስም ሲሆን፣ የእጁን ቅርጽ ደግሞ «የአዋላጅ እጅ» ይሉታል፤ የምታዋልድ ሴት እጇን ሰብሰብ አድርጋ የምትይዘውን ስለሚመስል ነው።

ማንኛውም የጡንቻ መያዝ የማግኒዚየም ነው ማለት ግን አይደለም። በሙቀት የጾመ፣ ውሃ ያነሰው ሰው ባቱን ይይዘዋል። የተደናገጠ ሰው ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ እጁ ልክ እንደዚሁ ሊኮማተር ይችላል። እርጉዝ ሴትም ሌሊት ሌሊት ያስቸግራታል። የማግኒዚየም ምርመራ ብዙ ጊዜ በተለመደው የደም ምርመራ ዝርዝር ውስጥ ስለማይካተት ሐኪሙ ካላሰበው አይታዘዝም። ሐኪሙ እንዲያስበው ደግሞ በሽተኛው ኦሜፕራዞል እንደሚወስድ መናገር አለበት። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚበላሸው። «የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ሲባል ሰው የግፊቱን ይናገራል፣ የስኳሩን ይናገራል። የጨጓራውን ግን እንደ መድኃኒት ስለማይቆጥረው አያነሳውም፤ ከሻይ ቅጠልና ከስኳር ጋር ከገበያ የሚመጣ ዕቃ አድርጎታልና።

ሌላው መድኃኒት

ከጨጓራ ሳንወጣ ከላይ ካነሳነው የተለየ፣ ፈጥኖ የሚደርስና የበለጠ የሚያስደነግጥ ሁለተኛ ነገር አለ።

አንዲት እናት የነገሩን ነው። የ19 ዓመት ልጃቸው ጨጓራዋ ተነስቶባት ያስመልሳት ስለነበር ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰዷት፤ መርፌ ተወግታ፣ ኪኒን ተሰጥቷት ተመለሰች። በማግሥቱ ከመግሪብ በኋላ አንገቷ ወደ አንድ ጎን ተጠመዘዘ። ዓይኖቿ ወደ ላይ ተሰቀሉ፣ ምላሷ ወጥቶ አልመለስ አለ። ነፍሷን ግን ታውቃለች፤ የሚሏትን ትሰማለች፣ በእጇ ምልክት ትመልሳለች። ቤቱ በጩኸት ተሞላ። ገሚሱ ጅን ነው አለ፣ ገሚሱ መንጋጋ ቆልፍ ነው አለ፣ ቁርኣንም ይቀራባት ጀመር። ደግነቱ አጎቷ «ለመሆኑ ምን መድኃኒት ነው የሰጧት?» ብሎ ጠየቀና ፓኬቱን ይዞ ሆስፒታል አደረሳት። ተረኛው ሐኪም ፓኬቱን አይቶ አንድ መርፌ አዘዘላት፤ ብዙም ሳይቆይ አንገቷ ቀና አለ።

መድኃኒቱ ሜቶክሎፕራማይድ ይባላል፤ በአገራችን በብዛት የሚታወቀው ፕላሲል በሚለው ስሙ ነው። አሲድ አይቀንስም። ማስመለስን ያስቆማል፣ ጨጓራም ምግቡን ቶሎ ወደ አንጀት እንዲያሳልፍ ያደርጋል። በዚህ የተነሳ ከአሲድ መቀነሻው ጋር አብሮ ሲታዘዝ ኖሯል። ሥራውን የሚሠራው ዶፓሚን የተባለውን መልእክት አድራሽ ንጥረ ነገር በመከላከል ነው። ይኸው ዶፓሚን በአእምሮ ውስጥ የጡንቻን እንቅስቃሴ ከሚያመዛዝኑት አንዱ ስለሆነ፣ መድኃኒቱ ወደዚያ ሲደርስ ሚዛኑ ይዛባና የአንገት፣ የመንጋጋ፣ የምላስና የዓይን ጡንቻዎች በራሳቸው ይጠመዘዛሉ። ዲስቶኒያ የሚባለው ይህ ነው። በተለመደው መጠን ከሚወስዱ 500 አዋቂዎች በአንዱ ላይ ገደማ እንደሚደርስ በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ ተጽፏል። በሕፃናትና ከ30 ዓመት በታች ባሉ ወጣቶች ላይ ይበዛል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳውም በመጀመሪያዎቹ 24 እስከ 48 ሰዓታት ውስጥ ነው። ያስደነግጣል እንጂ በጊዜ ከተደረሰበት መፍትሔው ቅርብ ነው።

ለወራት ሲወሰድ ግን ሌላ መልክ አለው። አፍ ያለ ምግብ ያኝካል፣ ከንፈር ይመጠመጣል፣ ምላስ ይወጣል ይገባል፤ መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም ሳይለቅ የሚቀርበት ሰው አለ። በዚህ ምክንያት የአሜሪካው የመድኃኒት አስተዳደር በየካቲት 2009 እ.ኤ.አ. ከ12 ሳምንት በላይ እንዳይወሰድ የሚል ጠንካራ ማስጠንቀቂያ በማሸጊያው መግለጫ ላይ እንዲታተም አዘዘ። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ በ2013 ከዚያ የጠበቀ ውሳኔ ሰጠ፤ ከአምስት ቀን እንዳይበልጥ፣ ለአዋቂም በቀን ከ30 ሚሊግራም እንዳያልፍ፣ ለሥር የሰደደ ቃርና የምግብ አለመፈጨትም ከእንግዲህ እንዳይታዘዝ አለ። ከአንድ ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ጭራሽ ከለከለው።

በቤት ውስጥ ቁርኣን መቀራቱን ማንም አይቃወምም፤ ሺፋው የአላህ ነው። ቂርኣቱ እየተሰማ ግን መኪና መጥራት ይቻላል። ነፍሱን እያወቀ አንገቱ የተጠመዘዘ፣ ዓይኑ የተሰቀለ ወጣት ስታዩ ቀድሞ ሊመጣላችሁ የሚገባው ጥያቄ «ባለፉት ሁለት ሦስት ቀናት ምን ዋጠ? ምን ተወጋ?» የሚለው ነው። አንዳንዶች ልጃቸውን ከከተማ ከተማ ሲያንከራትቱ ሰንብተው ነገሩ በራሱ ሲለቅ የለቀቀው ጅን ነው ብለው ያምናሉ፤ ልጅቷም ያን ስም ተሸክማ ትቀራለች። ለትዳር ስትጠየቅ እንኳ የሚነሳ ስም ነው።

ስለ መተውና ስለ መቀጠል

ወደ ኦሜፕራዞሉ እንመለስ። ይህን ያነበበ ሰው ነገ ጠዋት ኪኒኑን ከመሬት ጥሎ እንዳያቆም እንሰጋለን። ቁስሉ ደምቶ የሚያውቅ፣ ለልቡ በየቀኑ አስፕሪን የሚወስድ፣ ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም እንደ ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎችን የሚያዘወትር ሰው ጨጓራውን የሚጠብቅለት ይኸው ካፕሱል ሊሆን ይችላል። ከሐኪሙ ጋር ሳይመክር ማቆም የለበትም።

ሌላም ምክንያት አለ። ፓምፑ ለሳምንታት ተዘግቶ ቆይቶ በድንገት ሲከፈት ጨጓራ ከበፊቱ የበለጠ አሲድ ያመነጫል። በ2009 የታተመ አንድ የዴንማርክ ጥናት ይህን በሚገባ ያሳያል። ተመራማሪዎቹ 120 ፍጹም ጤነኛ፣ ቃር የማያውቁ ሰዎችን ወስደው ለግማሾቹ ለስምንት ሳምንት ኢሶሜፕራዞል፣ ለቀሩት ባዶ ኪኒን ሰጡ። መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ በነበሩት ሳምንታት እውነተኛውን ከወሰዱት 44 በመቶዎቹ እንደ ቃር ያለ የአሲድ ስሜት ተሰማቸው፤ ባዶውን ከወሰዱት ግን 15 በመቶዎቹ ብቻ። እንግዲህ ጨጓራ ያልነበረበትን ሰው እንዲህ ካደረገ፣ የነበረበት ሰው ባቆመ በሦስተኛው ቀን ሲያቃጥለው «ይኸው፣ ያለ እሱ መኖር አልችልም» ቢል አይፈረድበትም። የሚያቃጥለው በሽታው ላይሆን ይችላል፤ የመድኃኒቱ መቆም የሚያመጣው ጊዜያዊ ነገር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች መጠኑን ቀስ በቀስ መቀነስን፣ ወይም ለጊዜው ፋሞቲዲንን ወደመሰለ ለዘብ ያለ መድኃኒት መዛወርን ይመርጣሉ። በተጻፉት ታሪኮች ውስጥ ወደዚህኛው የተዛወሩ ሰዎች ማግኒዚየማቸው ተስተካክሎ ታይቷል።

በጨጓራው ውስጥ ባክቴሪያ ተገኝቶበት የታከመ ሰውም አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ያገኙት አውስትራሊያውያኑ ማርሻልና ዋረን ይህ ሄሊኮባክተር የተባለ ባክቴሪያ የቁስል ዋነኛ መንስኤ መሆኑን ካሳዩ ወዲህ፣ ሕክምናው ኦሜፕራዞልን ከፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ጋር ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን መውሰድ ነው። ብዙ ሰው አንቲባዮቲኮቹ ሲያልቁ ያቆማል፤ ኦሜፕራዞሉን ግን ለብቻው እየገዛ ይቀጥላል። እንዲህ ያለው ሰው መቀጠል ያስፈልገው እንደሆነ መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያው ሰው ነው።

ከሌሎች ይልቅ መጠንቀቅ ያለባቸው ለደም ግፊት ወይም ለልብ ሽንት የሚያስወጣ ኪኒን፣ ማለትም እንደ ላዚክስ ወይም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያለ፣ አብረው የሚወስዱ ናቸው፤ እነዚህ መድኃኒቶች ማግኒዚየምን በሽንት በኩል ያስወጣሉ። ዲጎክሲን የተባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስዱም እንዲሁ፤ ማግኒዚየም ሲያንስ ዲጎክሲን የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። ተቅማጥ የሚያመላልሰው ሰውና በዕድሜ የገፉ አባቶችና እናቶችም በዚሁ ውስጥ ናቸው። እነዚህ ሰዎች መድኃኒቱን ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ ከሆነ ከመጀመራቸው በፊትና ከዚያም አልፎ አልፎ ማግኒዚየማቸው እንዲለካ ሐኪማቸውን መጠየቅ ይችላሉ። የማስጠንቀቂያው ሐሳብም ይኸው ነው።

ምግብን በተመለከተ የጤፍ እንጀራ፣ ጎመን፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ሰሊጥና የዱባ ፍሬ ማግኒዚየም ያላቸው ናቸው። የአንጀቱ መተላለፊያ ለተዳከመበት ሰው ግን ምግብ ብቻውን አይበቃም፤ ከላይ እንዳልነው ኪኒኑም ያልበቃቸው ነበሩ። የማግኒዚየም ኪኒንም ቢሆን ኩላሊቱ ለደከመ ሰው አደገኛ ስለሆነ በራስ ፈቃድ የሚገዛ ነገር አይደለም።

ለማንኛውም፣ በቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ ያለውን የ«ፕራዞል» ፓኬት አውጡና የሚውጠው ሰው ከመቼ ጀምሮ እንደሚወስደው፣ ማን እንዳዘዘለትና ለስንት ቀን እንደተባለ ጠይቁት። መልሱን በፓኬቱ ጀርባ በእስክሪብቶ ጻፉበት። ወደ ሐኪም ሲሄድም የግፊቱንና የስኳሩን ኪኒን በያዘበት ፌስታል ውስጥ ይህንንም ይጨምረው።